ስብዕናን ለማወቅ አምስቱ ባሕርያት ይበቃሉ? 27 ምላሽ የተሰጠበት ክር

በአንድ የመወያያ መድረክ ላይ ይህን ክር (ተከታታይ ውይይት) የከፈተው ተሳታፊ ጥያቄ ሳይሆን ብይን ይዞ ነው የመጣው። የስብዕና ንድፈ ሐሳቦች ክርክር አልቆለታል፣ ያሸነፈውም የባሕርያት ንድፈ ሐሳብ ነው አለ። ፍሮይድ፣ ዩንግ፣ አድለር፣ ሮጀርስና ማዝሎው በታሪክ ምዕራፍ ይቀመጡ፤ ሰውን ማወቅ ለሚፈልግ አምስቱ ታላላቅ ባሕርያት ይበቁታል፦ ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ትጋትና ሥርዓታማነት፣ ተግባቢነት፣ ለሌላው ማሰብ፣ የስሜት አለመረጋጋት። ሦስት ምክንያት ደረደረ። ባሕርያቱ ይለካሉ፤ ዛሬ የተለካ ሰው ከዓመታት በኋላ ሲለካም ከእኩዮቹ መካከል ያለው ቦታ ብዙ አይናወጥም። በመንትዮች ጥናት በዘር የመወረስ ድርሻቸው ከ40 እስከ 50 በመቶ ነው። ትጋት ደግሞ በብዙ ዓይነት ሥራ ላይ ውጤታማነትን ይተነብያል። በመጨረሻም ፈተና ጣለ፦ ከሌሎቹ ንድፈ ሐሳቦች ወገን የቆመ ካለ፣ የሚለካና ከእውነታው ጋር ተጋጭቶ ሊወድቅ የሚችል አንድ ትንበያ ያምጣ።

ክሩን ያቆየው ይህ ፈተና ነው። ምላሾቹ ቢንዛዙም፣ ሰዎቹ ቢነካኩም፣ ወሬው ወደ ሎሚ ጭማቂ ቢሄድም ዞሮ ዞሮ የሚመለሰው እዚያው ነበር።

ምላሽ 1 በአክብሮት ተስማማና የአምስቱን ባሕርያት አመጣጥ አከለ። ኦልፖርትና ኦድበርት በ1936 ከአንድ ትልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የሰውን ጠባይ የሚገልጹ 17,953 ቃላት ለቅመው፣ ከነዚህ ውስጥ ዘላቂ ባሕርይን የሚያመለክቱ 4,504 ለዩ። ካቴል ይህን ዝርዝር መጀመሪያ ወደ 171፣ ቀጥሎ ወደ 35 ስብስብ አወረደው፤ በ1949 ያወጣው መጠይቅ 16 ባሕርያትን ይለካ ነበር። ቲዩፕስና ክሪስታል በ1961 ለአሜሪካ አየር ኃይል የተለያዩ መረጃዎችን እንደገና ሲተነትኑ ደጋግሞ የወጣላቸው አምስት ነው። ስያሜውን ጎልድበርግ በ1981 ሰጠው፤ ኮስታና ማክሬ በ1992 ያወጡት መጠይቅ ለእያንዳንዱ ባሕርይ 6 ንዑስ ባሕርይ፣ ለእያንዳንዱ ንዑስ ባሕርይ 8 ጥያቄ መድቦ በጠቅላላው 240 ጥያቄ አለው። የጻፈው ሰው አንድ ነገር ላይ አጥብቆ አሳሰበ፦ አምስቱ ከመረጃ ክምር በስሌት የወጡ እንጂ አንድ ሊቅ ተቀምጦ ያሰባቸው አይደሉም። ይህን የጻፈው ለማሞገስ ቢሆንም፣ በኋላ ለተቃዋሚዎቹ ጥሩ ስንቅ ሆኗቸዋል።

ምላሽ 2 በጨዋነት እርማት አቀረበች። የዘር ድርሻው 40 በመቶ ነው ማለት የአንድ ሰው ተግባቢነት 40 በመቶው ከወላጆቹ የመጣ ነው ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ሰዎች እርስ በርስ የሚለያዩበት መጠን ምን ያህሉ ከዘር ልዩነት ጋር አብሮ እንደሚሄድ ነው፤ ስለ አንድ ግለሰብ ምንም አይልም። አካባቢው ለሁሉም አንድ ዓይነት ሲሆን ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ አካባቢው ሲለያይ ዝቅ ይላል። አያይዛም የመንትዮች ጥናቶች ካሳዩት ነገር ብዙዎች የሚዘሉትን አነሳች፦ በአንድ ቤት አብሮ ማደግ ብቻውን ወንድማማቾችን በባሕርይ የሚያመሳስላቸው በጣም ጥቂት ነው።

ምላሽ 3 የጀማሪ ጥያቄ ነበር። በመሥሪያ ቤቶችና በማኅበራዊ ገጾች በብዛት የሚሠራበት ባለ አራት ፊደሉ የ16 ዓይነት መጠይቅ ከአምስቱ ጋር ምን አገናኘው? የሚል።

ምላሽ 4 ረጅም ነው፤ ከክሩ ጥሩ ምላሾች አንዱም ነው። የማየርስና ብሪግስ መጠይቅ መነሻው ዩንግ በ1921 ያሳተመው የዓይነቶች ሐሳብ መሆኑን፣ ያዘጋጁት እናትና ልጅ በስነ ልቦና ሙያ ያልሠለጠኑ መሆናቸውን ገልጾ፣ ዋናው ችግር ግን ይህ አይደለም አለ። ችግሩ መቁረጫው ነው። በአንድ መለኪያ ላይ የሰዎች ነጥብ ሲሰደር አብዛኛው ሰው መሐል ላይ ይከማቻል እንጂ በሁለት ጫፍ በሁለት ጉብታ አይከፈልም። መጠይቁ ደግሞ የሚቆርጠው ልክ ሰው በበዛበት መሐል ላይ ነው፤ ይህም የአንድ አገር ሰዎችን አማካይ ቁመት ላይ መስመር አስምሮ ከመስመሩ አንድ ጣት የበለጡትን ረጅም፣ አንድ ጣት ያነሱትን አጭር ብሎ እንደ መመዝገብ ነው። መስመሩ አጠገብ ያለ ሰው ሁለት ጥያቄ በሌላ ስሜት ከመለሰ ፊደሉ ይገለበጣል። መቁረጫው በአራት መለኪያ ላይ ስለሚደጋገም፣ በሳምንታት ልዩነት ድጋሚ ከተፈተኑት መካከል ብዙዎቹ ቢያንስ አንድ ፊደል ተቀይሮ ያገኙታል። ያልተቆረጠው ነጥብ ግን ይህን ያህል አይዋዥቅም። ስለዚህ መጠይቁን የግድ መጠቀም ያለበት ሰው ፊደሎቹን ትቶ ነጥቦቹን ይያዝ ብሎ መከረ።

ምላሽ 5 በዚህ ተቆጣች። መጠይቁን የሚንቁት የኮስታና ማክሬን የ1989 ጥናት ያላነበቡ ናቸው አለች፤ በዚያ ጥናት አራቱ መለኪያዎች ከአምስቱ ባሕርያት ከአራቱ ጋር ግልጽ ተዛምዶ አሳይተዋል። ይህ እውነት ነው። ምላሽ 6 የቀረውን አምስተኛ አስታወሳት፦ የስሜት አለመረጋጋት። የሰውን ጭንቀትና ሐዘን በተመለከተ ብዙ የሚናገረው ይህ ባሕርይ ከመጠይቁ ውስጥ የለም፤ ውጤቱን የተቀበለ ሰው ቅር የማይለውም በከፊል ለዚህ ነው። ቀጥሎ የፎረርን ሙከራ ጠቀሰ። ፎረር በ1948 ለ39 ተማሪዎቹ የስብዕና ፈተና ሰጥቶ ለእያንዳንዳቸው በግል የተዘጋጀ የሚመስል መግለጫ አደላቸው። መግለጫው ለሁሉም አንድ ነበር፣ ዓረፍተ ነገሮቹም ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የተለቀሙ። ተማሪዎቹ መግለጫው ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 ሲመዝኑ አማካዩ 4.26 ሆነ። መግለጫው ልክ እኔን ነው የሚለው ስሜት ለመጠይቅ ትክክለኛነት ማስረጃ እንደማይሆን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ምላሽ 7 በሁለት ቃል ተስማምቶ አለፈ።

ምላሽ 8 ለፍሮይድ ወገን የቆመ የመጀመሪያው ሰው ነው። የልጅነት የፍትወት ደረጃዎችን አልከላከልም አለ፤ የ1923ቱን የኢድ (የደመ ነፍስ ፍላጎት)፣ የኢጎ (አመዛዛኙ ክፍል) እና የሱፐርኢጎ (የኅሊና) ክፍፍልም እንደ ካርታ እንጂ እንደ አካል ክፍል አላየውም። የሚከላከለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሰው ራሱን ከሚያሳምም ነገር የሚከላከልባቸው መንገዶች ናቸው፦ መካድ፣ የራስን ስሜት በሌላው ላይ መለጠፍ፣ ንዴትን ወደ ሥራ ማዞር። ቬላንት ከ1938 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት የተከታተሏቸውን የሃርቫርድ ተማሪዎች መዝገብ አጥንቶ፣ ቀልድንና ለሌላው መኖርን የመሳሰሉ የበሰሉ መከላከያዎችን የሚጠቀሙት በኋለኛ ዕድሜያቸው የተሻለ ኑሮ እንደነበራቸው አሳይቷል። ሁለተኛው የቦልቢ የቁርኝት ንድፈ ሐሳብ፣ ማለትም ሕፃን ከአሳዳጊው ጋር ስለሚፈጥረው ትስስር የሚናገረው ነው፤ ለከፋቹ ፈተና መልስ የሚሆነውም ይሄ ነው አለ። የኤይንስዎርዝን ሙከራ እርምጃ በእርምጃ ጻፈ፦ ከ12 እስከ 18 ወር ያለ ሕፃን፣ 8 ክፍል፣ አብዛኛው ክፍል 3 ደቂቃ ገደማ፣ በድምሩ 20 ደቂቃ አካባቢ። እናት ከልጇ ጋር ትገባለች፣ እንግዳ ሰው ይገባል፣ እናት ትወጣለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ትወጣለች፣ እንግዳው ይመለሳል፣ በመጨረሻ እናት ትመለሳለች። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ልጁ እናቱ ስትወጣ ምን ያህል እንዳለቀሰ መቁጠሩ ላይ ነው። የሚመዘነው በዋናነት ስትመለስ የሚያደርገው ነው፦ ሄዶ ይለጠፍባታል ወይስ ፊቱን ያዞራል? ካቀፈችው በኋላ ተረጋግቶ ወደ መጫወቻው ይመለሳል ወይስ እየተናደደ ይንጠለጠልባታል? ብዙ ያለቀሰ ልጅ አስተማማኝ ቁርኝት ሊኖረው ይችላል፤ ያላለቀሰውም ሸሺ፣ ማለትም ከእናቱ የሚርቅ ዓይነት ቁርኝት ያለው ሊሆን ይችላል።

ምላሽ 9 እስከዚያ ድረስ እርስዎ ይባባሉ የነበሩትን ወደ አንተ አወረዳቸው። ቦልቢን በፍሮይድ ስም አታስቆጥር፤ ቦልቢ የእንስሳት ጠባይ ጥናትን ወስዶ የፍሮይድን የደመ ነፍስ ሐሳብ የጣለ ሰው ነው፣ የራሱ የስነ ልቦና ትንተና ባልደረቦችም ለዚህ ሲወቅሱት ኖረዋል አለ። ምላሽ 10 በዚያው ቃና መለሰ፦ ልጅ ከወላጁ ጋር ያለውን ግንኙነት ሳያውቀው እንደ ንድፍ ይዞ ያድጋል የሚለው ሐሳብ ከየት እንደመጣ ንገረኝ። ምላሽ 11 የመድረኩ አስተናባሪ ነበሩ፤ ሁለቱም ስለ ሐሳቡ ይጻፉ እንጂ ስለ ጸሐፊው አይጻፉ ብለው ገሠጹ። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል፤ የሚያሳዝነው ግን በጭቅጭቁ መካከል ሙከራው የከፋቹን ፈተና ማለፉን ማንም ሳይመዘግበው መቅረቱ ነው።

ምላሽ 12 ክሩን ወደ ከባድ ጉዳይ መለሰችው። አምስቱን ባሕርያት የሚያከብር ሰው ሚሼል በ1968 ያነሳውን ጥያቄ ሳይመልስ ማለፍ የለበትም አለች። ሚሼል በባሕርይ ነጥብና በአንድ የተወሰነ ሁኔታ በሚታይ ድርጊት መካከል ያለው ተዛምዶ (0 ግንኙነት የለም፣ 1 ፍጹም አብሮ ይሄዳል ማለት ነው) በአብዛኛው ከ0.30 እንደማያልፍ ጻፈ። ከዚያ በፊትም ሃርትሾርንና ሜይ በ1928 የልጆችን ታማኝነት በብዙ ዓይነት ፈተና ሲለኩ፣ በአንድ ሁኔታ ማታለልና በሌላ ሁኔታ ማታለል በአማካይ የተዛመዱት 0.23 ብቻ ነበር። ብዙ መጻሕፍት እዚህ ላይ ቆመው ባሕርይ የለም ይላሉ። እሷ ግን ስሌቱን ቀጠለችበት። አንድ ምልከታ ከሌላ አንድ ምልከታ ጋር 0.23 ከተዛመደ፣ የ10 ምልከታዎች አማካይ ከሌሎች 10 ምልከታዎች አማካይ ጋር የሚዛመደው 10 ጊዜ 0.23 ለ 1 ሲደመር 9 ጊዜ 0.23 ተካፍሎ ነው፤ 2.30 ለ3.07፣ ማለትም 0.75 ገደማ። ኤፕስታይን በ1979 በእውነተኛ ምልከታ ያሳየው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ባሕርይ ነገ በአራት ሰዓት የሚሆነውን አይነግረንም፤ በወሩ ውስጥ የሚሆነውን አማካይ ግን በደህና ይነግረናል። ምላሽ 13 በዚህ ላይ ፈንደርና ኦዘር በ1983 ያደረጉትን ጨመረ፦ የሁኔታን ኃይል ያሳያሉ የተባሉትን ዝነኛ ሙከራዎች ወደ ተዛምዶ ሲቀይሯቸው የወጣው ከ0.36 እስከ 0.42 ነው። ሁኔታ ባሕርይን ያሸንፋል ይል የነበረው ወገን በራሱ መለኪያ ሲለካ ብልጫው ይህን ያህል አልነበረም።

ከፋቹ እዚህ ላይ ደስ ብሎት ገባ፤ ምላሽ 14 የእሱ ነው። ክርክሩ በእሱ ወገን እንደተቋጨ ጻፈ። ምላሽ 15 አላሳለፈውም። ይህ ሰው በሚሼል፣ በሾዳና በራይት ሥራ ላይ የቆየ ይመስላል፤ የጻፈው ሁሉ ዝርዝር ነው። እነሱ በክረምት ካምፕ ያሉ ልጆችን ጠብ በሁኔታ ከፋፍለው መዘገቡ፦ እኩያው ሲያሾፍበት፣ እኩያው በወዳጅነት ሲቀርበው፣ አዋቂ ሲያመሰግነው፣ አዋቂ ሲያስጠነቅቀው፣ አዋቂ ሲቀጣው። በጠቅላላ አማካያቸው እኩል ጠበኛ የሆኑ ሁለት ልጆች እናስብ አለ። አንዱ እኩያ ሲያሾፍበት ይጋጫል፣ አዋቂ ሲቀጣው ግን ጸጥ ይላል። ሌላው ከእኩዮቹ ጋር ሰላማዊ ነው፣ አዋቂ ባስጠነቀቀው ቁጥር ግን ይነሳል። ይህ ንድፍ በየጊዜው ይደጋገማል፤ እንዲህ ከሆነ እንዲህ ያደርጋል የሚል የግል ፊርማ ነው። አማካዩን የሚያነብ አስተማሪ ለሁለቱም አንድ ምክር ይሰጣል፤ ንድፉን የሚያነብ ግን የመጀመሪያውን ከእኩዮቹ ጋር፣ ሁለተኛውን ከሥልጣን ጋር ባለው ነገር ይረዳል። አማካይ እውነት ነው፣ ግን የጠፋበት ነገር አለ። ለእኔ የክሩ ትልቁ ምላሽ ይህ ነው፤ ምላሽ 12ን ሳያፈርስ ጎደሎውን ሞልቶለታልና።

ምላሽ 16 ወደ ሥሩ ወረደ። እንዴት ታውቃለህ ትጋቱ ዝቅተኛ መሆኑን? ሥራውን አይጨርስም፣ ዕቃውን ያዝረከርካል፣ ቀጠሮ ይረሳል። ለምን ሥራውን አይጨርስም? ትጋቱ ዝቅተኛ ስለሆነ። ይህ ክብ ነው እንጂ ማብራሪያ አይደለም፤ መግለጫውን ወስደን ምክንያት አደረግነው አለ። አምስቱ ባሕርያት የጠባይ ልዩነት እንዴት እንደሚሰደር ይነግሩናል፤ በአንድ ሰው ውስጥ ምን እንደሚሠራ አይነግሩንም። ምላሽ 1 ባሕርያቱ ከቃላት ክምር በስሌት ወጡ ያለው ለዚህ ምስክር ተደርጎ ተጠቀሰበት። ምላሽ 17 ምክንያት ለማግኘት የሞከረ የባሕርይ ሰው እንዳለ አስታወሰ፤ አይሰንክ በ1967 የተግባቢነትን ልዩነት ከአንጎል የመነቃቃት ደረጃ ጋር አያያዘው። ኢንትሮቨርቱ (ዝምተኛው) ከመነሻው የነቃ ስለሆነ ትንሽ ግፊት ይበቃዋል፤ ኤክስትሮቨርቱ (ተግባቢው) ደግሞ ያነሰ የነቃ ስለሆነ ግርግር ይፈልጋል። ይህ ትክክል ከሆነ ኢንትሮቨርት ለጠንካራ ስሜት አካሉ አብዝቶ መመለስ አለበት። ሎሚው የገባው እንዲህ ነው።

ምላሽ 18 አሠራሩን ጻፈች። በሁለቱም ጫፍ ጥጥ ያለው እንጨት ይወሰድና ልክ መሐሉ ላይ ክር ይታሰርበታል፤ በክሩ ሲንጠለጠል ተስተካክሎ ካልቆመ ክሩ ይዛወራል። አንዱ ጫፍ ምላስ ላይ 20 ሰከንድ ይቀመጣል። ከዚያ 4 ጠብታ የሎሚ ጭማቂ ምላስ ላይ ይንጠባጠብና ተውጦ ሌላው ጫፍ እዚያው ቦታ ላይ ሌላ 20 ሰከንድ ይቆያል። እንጨቱ በክሩ ሲንጠለጠል ከሎሚው በኋላ የገባው ጫፍ በጣም ካዘቀዘቀ ምራቁ በዝቷል፤ እንደ አይሰንክ ከሆነ ይህ የኢንትሮቨርት ምልክት ነው። ምላሽ 19 የሚበላሽበትን ዘረዘረ። ዘንበል ማለቱን በዓይን ብቻ ማየት በቂ ልዩነት አያሳይም፤ ጥጡን ለየብቻ ከመጥለቁ በፊትና በኋላ በሚሊግራም ሚዛን መመዘን ያስፈልጋል። ምራቅ በቀኑ ሰዓት ይለዋወጣል፣ ስለዚህ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይፈተን። ምግብ፣ ቡናና ሲጋራ ውጤቱን ያዛቡታል። ጭማቂው ከአንድ ዕቃ ይቀዳ፤ ከሎሚ ሎሚ ኮምጣጣነቱ ይለያያል። ሁለት ጥጥ ላይ ብቻ ተመሥርቶ ስለ አንድ ሰው መናገር ደግሞ ምላሽ 12 የነገረችንን ረስቶ እንደገና ወደ አንድ ምልከታ መመለስ ነው። ሌላ ተሳታፊ ወሬውን ወደ ደም ዓይነትና ጠባይ ሊወስደው ሲሞክር፣ ይህም ምላሽ 20 ነበር፣ አስተናባሪው በምላሽ 21 አጠር ባለ ቃል መለሱት።

ከዚያ ምላሽ 22 መጣ፤ ፈተናውን ከልቡ የወሰደው እሱ ነው። ሮጀርስ በታሪክ ምዕራፍ ይቀመጥ መባሉ አስቆጥቶታል፤ ቁጣውን ግን ወደ አሠራር ቀይሮታል። ሮጀርስ ሰው የሚጨነቀው ራሱን ነኝ ብሎ በሚያየውና መሆን አለብኝ ብሎ በሚያስበው መካከል ሰፊ ክፍተት ሲኖር ነው አለ፤ በማይፈረድበት ግንኙነት ውስጥ ክፍተቱ ይጠባል ብሎም ተነበየ። በትለርና ሃይ በ1954 ይህን የለኩት በካርድ ነው። 100 ካርድ ላይ 100 ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። ሰውየው ካርዶቹን እኔን ከሚገልጸው እስከማይገልጸው በ9 ክምር ይደረድራል፤ በየክምሩ የሚገባው የካርድ ብዛት አስቀድሞ የተወሰነ ነው፣ መሐሉ ላይ ብዙ፣ ጫፎቹ ላይ ጥቂት። ብዛቱ ካልተወሰነ አንዱ ሁሉንም ጫፍ ላይ ይከምራል፣ ሌላው ሁሉንም መሐል ያደርጋል፣ ማወዳደርም አይቻልም። ከዚያ እነዚያኑ 100 ካርዶች መሆን የምፈልገውን በሚለው መሠረት እንደገና ይደረድራል። ሁለቱ ድርድሮች ይዛመዳሉ። ምክክር ሊጀምሩ የመጡት ሰዎች አማካይ ተዛምዶ ‑0.01 ነበር፤ ከምክክሩ በኋላ 0.34 ሆነ። ምክክር ያልፈለጉት የንጽጽር ሰዎች ግን ከመጀመሪያው 0.58 ላይ ነበሩ፣ በዚያውም ቆዩ። ትንበያው ሊወድቅ ይችል ነበር፤ አልወደቀም። አምስቱ ባሕርያት ይህን ክፍተት የሚያስገቡበት ሳጥን የላቸውም ብሎ ዘጋ።

ምላሽ 23 ለዚሁ የባንዱራን በራስ የመቻል እምነት ጨመረች። እባብ በጣም በሚፈሩ ሰዎች ላይ የተደረገው የ1977 ሥራ እንዲህ ነው፦ ተግባሮች ከቀላል ወደ ከባድ ይደረደራሉ፣ ወደ ክፍሉ መግባት፣ ሣጥኑን መንካት፣ በጓንት መያዝ፣ በባዶ እጅ መያዝ፤ ሰውየው ስለ እያንዳንዱ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ይሞላል፣ ከዚያ በተግባር ይሞከራል። እርግጠኝነቱ የት ላይ እንደሚቆም በደህና ይተነብያል። ብዙ ተመራቂ ተማሪ የሚያጠፋው በአጠቃላይ በራስህ ትተማመናለህ ወይ ብሎ መጠየቁ ነው፤ መለኪያው ሥራ የሚሠራው ለተወሰነ ተግባር ሲዘጋጅ ብቻ ነው። ማዝሎውን በተመለከተም አንድ ነገር ጣል አደረገች፦ ሁሉም የሚያውቀው ፒራሚድ በ1943ቱ ጽሑፉ ውስጥ የለም፤ ፍላጎቶችም አንዱ ሙሉ በሙሉ ሳይሞላ ሌላው እንደማይነሳ አልጻፈም።

ምላሽ 24 ላይ ከፋቹ ተመለሰ። ቁርኝትን፣ የሮጀርስን ክፍተትና በራስ የመቻልን እምነት ፈተናውን ያለፉ አድርጎ መዘገባቸው። የቀሩትን ግን በአቋሙ ጸና፤ አንድ ሰው ስለ አጠቃላይ ማንነቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ መረጃ ማግኘት ከፈለገ አሁንም ከአምስቱ የተሻለ የለም አለ። ይህ ከመጀመሪያው ብይን ጠበብ ያለ ነው፤ ሊከላከሉት የሚቻልም ነው።

ምላሽ 25 መጠይቅ ለማዘጋጀት የተነሳች ተመራማሪ ነበረች፤ ባለ 10 ጥያቄው አጭር መጠይቅ ይበቃኛል ወይ፣ ውጤቱ ሲተነተን ለምን ጥያቄዎቹ እርስ በርስ አይስማሙም ብላ ጠየቀች። ምላሽ 26 ሙሉ የአሠራር መመሪያ ሆነ። መጀመሪያ የተገላቢጦሽ ጥያቄዎችን ተመልከቺ አለ፤ ተግባቢነትን የሚለካ መጠይቅ ዝምታ ይቀናኛል የሚል ዓረፍተ ነገር ካለው ነጥቡ መገልበጥ አለበት። መልሱ ከ1 እስከ 5 ከሆነ ከ6 ቀንሺ፣ ከ1 እስከ 7 ከሆነ ከ8፣ ከ0 እስከ 4 ከሆነ ከ4። ብዙው ስህተት ከ5 መቀነስ ነው፤ ያኔ 5 የነበረው 0 ይሆናል፣ ያልተገለበጡት ግን ከ1 ስለሚጀምሩ አማካዩ ይዛባል። መገልበጡ ጭራሽ ከተረሳ ጥያቄዎቹ በአሉታዊ ይዛመዳሉ፣ የውስጥ ስምምነት መለኪያውም (ጥያቄዎቹ ምን ያህል አንድ ነገር እንደሚለኩ የሚያሳየው ቁጥር) ይወድቃል። ሁለተኛ፣ ለአንድ ባሕርይ 2 ጥያቄ ብቻ ሲኖር የወደቀ ቁጥር አያስደንቅ፦ ጥያቄዎቹ በአማካይ 0.25 ከተዛመዱ 2 ጥያቄ 0.40 ይሰጣል፣ 12 ጥያቄ ግን 0.80። የ2017ቱ ባለ 60 ጥያቄ መጠይቅ ለእያንዳንዱ ባሕርይ 12 መድቦ ግማሹን የገለበጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ሦስተኛ፣ ለሁሉም እሺ የሚል መላሽ አለ። ይህን ለመያዝ፣ መጠይቁ እኩል ቀጥተኛና እኩል ተገላቢጦሽ ጥያቄ ካለው፣ ከመገልበጡ በፊት የእያንዳንዱን ሰው አማካይ አውጪ። ከ1 እስከ 5 በሆነ መለኪያ 3 አካባቢ መሆን አለበት፤ 4.2 የሆነ ሰው ሥርዓታማም ዝርክርክም ነኝ ብሏል ማለት ነው። አማካዩን ከየመልሱ ቀንሺና ቀጥዪ። መጠይቁ ከተዘጋጀበት ማኅበረሰብ ውጭ ለሚወስዱትም የቦሊቪያን የቺማኔ ሕዝብ ጥናት ጠቀሰ፤ በ2013 የታተመው ይህ ጥናት 632 አዋቂዎችን ጠይቆ አምስቱን አላገኘም። የወጣው ለሌላው መትጋትንና ታታሪነትን የሚመስሉ ሁለት ሰፋፊ ባሕርያት ነበር። ከፋቹ ለዚህ መልስ አልሰጠም፤ ሊሰጥ ይገባው ነበር።

ምላሽ 27 የመጨረሻው ነው፤ ለተመራማሪዋ አንድ ነገር ጨመረላት። ራስን ከመጠየቅ በተጨማሪ የሚያውቁትን ሰዎች ጠይቂ፤ በ2010 የታተመ የጥናቶች ድምር ትንተና የሥራ ውጤትን በመተንበይ የሌሎች ምዘና ከራስ ምዘና የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። ከ3 እስከ 5 መዛኝ ይበቃል፣ ግን ሁሉም ከአንድ ቦታ አይምጡ፤ ከሥራ፣ ከቤት፣ ከጓደኛ ይቀላቀሉ። እያንዳንዱ ብቻውን ይሙላ፣ ተመዛኙም መልሱን አይይ። የስሜት አለመረጋጋትን በተመለከተ ግን ባለቤቱን አትለፊው አለ፤ ጭንቀት ከውጭ ለሚያየው ብዙ ጊዜ አይታይም። ንግግርና ሳቅ ግን ለጎረቤትም ግልጽ ነው። የመዛኞቹ አማካይና የባለቤቱ ነጥብ በጣም ከተራራቁ አንዱን ጥለሽ ሌላውን አትያዢ፤ ልዩነቱ በየትኛው ሁኔታ እንደሚሰፋ ተመልከቺና ምላሽ 15ን መልሰሽ አንብቢ።